«እንደገና!» የሚለው ሕፃንና የእጅ ስልክዎ

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍረውም ይሁን ሾላ ገበያ ሽንኩርት ሲገዙ የሚከተለውን ሳያዩ የቀሩ አይመስለንም። አንድ የሦስት ዓመት ሕፃን የእናቱን ስልክ በሁለት እጁ ይዞ አንዲት የልጆች መዝሙር በቪዲዮ ያያል። መዝሙሯ ከሦስት ደቂቃ አትበልጥም። ስታልቅ «እንደገና!» ይላል፤ እናቱም ትከፍትለታለች። ስታልቅ ደግሞ «እንደገና!» ይላል። ታክሲው መጨረሻው እስኪደርስ ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ ሳይወድ በግዱ መዝሙሯን በቃሉ ይይዛታል።

ይህን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «ይህ ልጅ ሊደነዝዝ ነው» ማለቱ አይቀርም። ሌላዋ ደግሞ «ዝም ይበልላት እንጂ፤ ምን አለበት?» ትላለች። እናትየው በሁለቱ አስተያየት መካከል ተቀምጣ ታፍራለች። እርስዎም እንደዚህች እናት የሆኑበት ቀን ሊኖር ይችላል። ስለሆነም በዛሬው ጽሑፋችን አንድን ቪዲዮ በስልክ ደጋግሞ ማየት ሕፃኑን ምን እንደሚያደርገው፣ ጉዳት ካለውም ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ ከእርስዎ ጋር እንነጋገራለን።

በመጀመሪያ ሕፃን አንድን ነገር ደግመው ደጋግመው እንዲያደርጉለት መፈለጉ ሕመም አይደለም። ስልክ ያመጣው ጠባይም አይደለም። እርስዎ ራስዎ ልጅ ሳሉ አያትዎን አንዱን ተረት ስንት ጊዜ ደግመው እንዳስነገሯቸው ያስታውሱ። ታሪኩን በቃልዎ እያወቁት «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ለማለት ይቸኩሉ ነበር፤ አያትዎ ደክሟቸው ጅቡን ያለፉት እንደሆነም «ጅቡስ?» ብለው ያርሟቸው ነበር። ለአዋቂ ሰው የታወቀ ነገር ይሰለቻል። ለሕፃን ግን ዓለሙ ሁሉ አዲስ ስለሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ ደስታ ነው። በመጀመሪያ ቀለሙና ድምፁ ብቻ ይስበዋል፤ ቀስ በቀስ ማን ምን እንዳደረገ ይለያል፤ ሲደጋገምለት ደግሞ ለምን እንዳደረገ ይገባዋል።

ይህም በጥናት የተደገፈ ነው። በአሜሪካ «ብሉስ ክሉስ» የሚባል፣ ስለ አንዲት ሰማያዊ ውሻ የሚተርክ የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ሲጀመር አዘጋጆቹ አንዱን ክፍል በተከታታይ ለአምስት ቀን ያሳዩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች ያንኑ ክፍል ደጋግመው ባዩት ቁጥር ይበልጥ ገብቷቸዋል፤ ከስክሪኑ ለሚቀርብላቸው ጥያቄም ይበልጥ እየጮኹና እየጠቆሙ መልሰዋል። በሌላ አነጋገር አምስተኛው ቀን ላይ ያዩት ዝግጅት ለእነርሱ ከመጀመሪያው ቀን የበለጠ ሥራ የሚሠሩበት ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ዕድሜውን ልብ ይበሉ። ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት በስክሪን ካዩት ነገር የሚማሩት፣ ሰው ፊት ለፊታቸው ሆኖ ሲያሳያቸው ከሚማሩት ያነሰ ነው። ከ12 እስከ 21 ወር በሆናቸው ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት፣ በቪዲዮ የታየው ድርጊት እጥፍ ጊዜ ሲደጋገምላቸው አስመስለው ለመሥራት የተሻለ እንደቻሉ ገልጿል። እንግዲህ ድግግሞሹ የጎደለውን በከፊል ይሞላል፤ ሰው በቀላሉ የሚያስተምረውን ግን ቪዲዮ ብዙ ለፍቶ ነው የሚያስተምረው። ስለዚህ ገና ዳዴ ለሚል ልጅ ስልክ ገዝቶ «ትምህርት ነው» ማለት ራስን ማታለል ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ከነጭራሹ ስክሪን ፊት እንዳይቀመጥ፣ በሁለተኛው ዓመቱም እንዲሁ እንዳይለምድ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳያይ፣ ካነሰም የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። አንድ ሰዓት ማለት የዚያችን የሦስት ደቂቃ መዝሙር ሃያ ጊዜ ማለት ነው። ሲቆጥሩት ትንሽ አይደለም።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መለስ ብለን አንድ ነገር እናስታውስ። በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ጊዜ አንሥቶ ከአርባ ዓመት በላይ ሕፃናትን በተረት ያሳደጉት አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አርቲስት ተስፋዬ ሳህሉ፣ ሰዓታቸውን ጠብቀው ይመጡ ነበር፤ ተረታቸውን ሲጨርሱም ይሰናበቱ ነበር። ቴሌቪዥን ባለው ጎረቤት ቤት ተሰብስቦ የተመለከተው ልጅ ሁሉ «እንደገና!» ቢል የሚሰማው አልነበረም። ታዲያ ያ ልጅ ምን ያደርግ ነበር? ወደ ግቢ ወጥቶ ተረቱን ራሱ ይደግመው ነበር። አንዱ አንበሳ፣ አንዷ ጦጣ፣ ታናሹ ደግሞ የማይወደውን ጅብ እየሆኑ፣ የረሱትን ከራሳቸው እየጨመሩ ሳምንቱን ያሳልፉ ነበር። ዛሬ ድግግሞሹን የሚያከናውነው ስልኩ ነው። ልጁ የሚቀረው ሥራ የለም። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ስለ ስልክ የሚነገረው ሌላው ስሞታ ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ይመስለናል።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን ልብ ወዳላልነው ወደ ሌላው ጉዳይ እንለፍ። እኛን የሚያሳስበን ልጁ «እንደገና» ማለቱን የተወ ቀን ነው። ምክንያቱም ዩቲዩብ አንዱ ቪዲዮ እንዳለቀ ሌላውን ከራሱ መርጦ ያስከትላል። ከመዝሙሩ ቀጥሎ መጫወቻ የሚፈታታ ሰው፣ ከእርሱ ቀጥሎ የሚሯሯጥ መኪና፣ ከዚያም በኋላ እናት አስቀድማ ያላየችው፣ ለልጅ ይሁን ለአዋቂ የማይታወቅ ነገር ይመጣል። ልጁ አፉን ከፍቶ ይመለከታል፤ አይዘምርም፤ አይጠቁምም፤ ምንም አይጠይቅም። ቲክቶክ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል፤ አንዷን አጭር ቪዲዮ ጣት እስኪያሳልፋት ድረስ ማንም ሳይጠይቃት ራሷን ትደጋግማለች። እርስዎም ወጥ እስኪበስል ብለው ጀምረው ስንት ጊዜ ሽንኩርቱ እንዳረረብዎት የሚያውቁት ራስዎ ነዎት።

ስለሆነም ምርጫ ካለ ልጁ የሚያውቃትን አንዷን መዝሙር ደጋግሞ ማየቱ ስልኩ እየመረጠ ከሚያስከትለው ሰልፍ ይሻላል። ይህን ማስተካከል አስቸጋሪ አይደለም። በዩቲዩብ ላይ ቪዲዮው እየታየ ሳለ ስክሪኑን ነካ ሲያደርጉት ከላይ በኩል «አውቶፕሌይ» የምትባል ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ትታያለች፤ እርሷን ያጥፏት። ከዚያው ጥርስ ያለው ጎማ የመሰለውን ምልክት ነክተው ተጨማሪ ማስተካከያዎች በሚለው ሥር «ሉፕ» የሚለውን ካበሩት ያችው መዝሙር ብቻ ትደጋገማለች። ከዚህም የሚሻል አለ። በየሰፈሩ ሙዚቃና ፊልም የሚጭኑ ሱቆች አሉ፤ ሦስት አራት ጥሩ የልጆች ዝግጅት መርጠው በሚሞሪ ያስጭኑ ወይም ያለው ሰው በቴሌግራም ይላክልዎት። እንዲህ ከሆነ ኢንተርኔቱን ዘግተው ማሳየት ይችላሉ፤ ስልኩም ከራሱ የሚያመጣው ነገር አይኖርም።

ከወጪ አንጻርም ቢሆን ይህ ቁም ነገር ነው። በዝቅተኛ ጥራት የሚታይ ቪዲዮ በሰዓት ወደ 300 ሜጋባይት ይጠጋል። ልጁ በቀን ሁለት ሰዓት ቢያይ በሳምንት ከአራት ጊጋባይት በላይ ሄደ ማለት ነው። ይህን በቤት ውስጥ የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ በዚያ ገንዘብም ስንት እንቁላል እንደሚገዛ ማስላቱን ለእርስዎ እንተወዋለን።

ምን ይታይ ለሚለው ጥያቄ በአማርኛ የተሠራ ቢሆን እንመርጣለን። ለምሳሌ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው፣ ፀሐይ የምትባል ቀጭኔ የምትመራው ዝግጅት እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራ ሲሆን፣ ጤናንና ፊደልን ለልጆች በሚገባቸው ቋንቋ ያስተምራል። በከተማችን በእንግሊዝኛ ካርቱን ብቻ አድገው ከአያታቸው ጋር መግባባት ያቃታቸው ልጆች መኖራቸውን ብዙ ሰው ይናገራል። አንዳንድ ወላጅ በዚህ ይኮራል። ነገር ግን «ውኃ ስጪኝ» ማለት ሳይችል ከካርቱን የቀዳውን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር አጥርቶ የሚደግም ልጅ ቋንቋ አወቀ ሊባል አይችልም። ድምፁን ቀድቷል፤ ከሰው ጋር ግን አልተነጋገረበትም። ልጅዎ የሚደግመውን ቃል ለጉዳይ የማይጠቀምበት ከሆነ፣ ሲጠሩትም የማይመለከት ከሆነ፣ «ስልክ አበላሸው» ብለው ብቻ ሳይቀመጡ ወደ ጤና ጣቢያ ወስደው ያሳዩት። የመስማት ችግር ወይም ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላልና።

በማዕድ ላይ ስላለው ልማድም አንድ ቃል እንበል። ልጁ አልበላም ሲል ስልኩን ከፊቱ አቁሞ መዝሙሯን እየደጋገሙ ማጉረስ በብዙ ቤት የተለመደ ሆኗል። ልጁ አፉን የሚከፍተው ጉርሻው መጣ ብሎ ሳይሆን ዐይኑ ስለተያዘ ነው፤ ጠገብኩም አይል፣ ራበኝም አይል። በጉርሻ ጊዜ እናትና ልጅ መተያየት አለባቸው፤ የጉርሻ ትርጉሙም ይኸው ነበር። በመኝታ ሰዓትም እንዲሁ ነው። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ስልኩ ትራስ ሥር ካደረ ግን «አንዴ ብቻ እንደገና» የሚባለው እስከ ሌሊት ሊዘልቅ ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይቋረጥ? ብዙ እናቶች የሚፈሩት ይህንን ነው፤ ስልኩ ሲነጠቅ የሚነሣው ጩኸት ጎረቤት ያሰባስባልና። በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገ ጥናት ከጠበቅነው የተለየ ውጤት አሳይቷል። «ሁለት ደቂቃ ብቻ ቀረህ» ብሎ ማስጠንቀቁ ልጆቹን የባሰ አስቆጥቷቸዋል። በአንጻሩ ቪዲዮው ራሱ ሲያልቅ ወይም በየቀኑ በተለመደው ሰዓት ሲቆም ያለ ብዙ ጠብ ትተውታል። እኛ ከዚህ የምንወስደው ምክር ቀላል ነው። በደቂቃ አይቁጠሩ፤ ልጁ ሰዓት አያውቅም። በመዝሙር ይቁጠሩ። ከመጀመሩ በፊት «ሦስት ጊዜ እናያለን» ይበሉት፤ በየመጨረሻውም አንድ ጣቱን ያጥፉለት። ሦስተኛዋ ስታልቅ ስልኩ የሚቀመጥበት ከፍ ያለ ቦታ ይኑረው፤ ወዲያውም እርስዎ ወይም ታላቅ እህቱ መዝሙሯን ያለ ስልክ ከእርሱ ጋር ይዘምሯት። አራተኛው ድግግሞሽ የልጁ ይሁን።

«ይህን ሁሉ የምሠራበት ጊዜ ከየት ይምጣ?» የሚሉን እናቶች እንደሚኖሩ እናውቃለን። እውነታቸውን ነው። በየካ ክፍለ ከተማ ከቀበና ወንዝ አንሥቶ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን አልፎ እስከ እንጦጦ ግርጌ ድረስ ባለው ሰፈር፣ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በአንዲት ክፍል ነው። ከንጋት ጀምሮ ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ፤ ጉሊት የሚቸረችሩ፣ እንጀራ ጋግረው የሚያስረክቡ፣ ሰው ቤት ልብስ የሚያጥቡ አሉ። እሳትና የፈላ ውኃ ባለበት አንድ ክፍል ውስጥ ልጁን ለግማሽ ሰዓት አንድ ቦታ የሚያስቀምጠው ስልክ ብቻ የሆነበት ጊዜ ይኖራል። ለዚህች እናት ስለ ስልክ ጉዳት መስበክ ቀላል ነው፤ ልጇን ለግማሽ ሰዓት የሚይዝላት ሰው ግን አይገኝም። ስለዚህ የምንለው ይህን ብቻ ነው። ያ ግማሽ ሰዓት የሚያውቀው መዝሙር ይሁን፤ ኢንተርኔቱ የተዘጋ ይሁን፤ እርስዎም ሊጥዎን እያቦኩ ድምፁን ስለሚሰሙ «አሁን ዶሮዋ ምን ልትል ነው?» እያሉ ከሩቅ ይጠይቁት። በቃልዎ የያዟት መዝሙር ስለሆነች ማየት አያስፈልግዎትም። የመደጋገሙ አንዱ ጥቅም ይኸው ነው፤ ሥራ የበዛባት እናትም ታሪኩን ታውቀዋለችና ከልጁ ጋር ልትነጋገርበት ትችላለች።

ደግነቱ የየካ ሰው ሌላው የሌለው ሀብት አለው፤ ተራራው ከደጁ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ለሽርሽር የሚያመች ቢሆንም፣ የታክሲውንና የመዝናኛውን ሒሳብ ለማይችል ቤተሰብ ባሕር ዛፍ ያለበት ማንኛውም አቀበት ይበቃል። ውጭ መዋል ለልጅ ዐይን ይጠቅማል ሲባል ተረት አይደለም። በቻይና በጓንጆ ከተማ በሚገኙ ትምህርት ቤቶች ለስድስትና ለሰባት ዓመት ልጆች በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ የሜዳ ጊዜ ተጨምሮላቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ ቅርብ እንጂ ሩቅ የማየት ችግር ያገኛቸው ከመቶ 30 ያህል ሲሆኑ፣ ካልተጨመረላቸው መካከል ግን ከመቶ 40 ያህል እንደነበሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ተገልጿል። ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይም ጭር ባለ ከሰዓት በኋላ ልጁን ይዘው ወጣ ይበሉ። ስልኩን በኪስዎ ያድርጉት፤ መዝሙሯን ግን ይዘዋት ይውጡ። የባሕር ዛፍ ፍሬ እየለቀመ ዶሮዋን፣ ጫጩቷንና ጅቡን ሲያደርጋቸው ያያሉ። እዚያ ላይ ሃያ ጊዜ ቢደግማት ማንም አይከለክለውም።

በመጨረሻ ከሁሉ ከበድ ስለሚለው ድግግሞሽ ጥቂት እንበል። በሰፈራችን እናታቸው ቤሩት፣ ሪያድ፣ ኩዌት ወይም ዱባይ ለሥራ ሄዳ ከአያት ጋር የሚያድጉ ልጆች ቁጥር ጥቂት አይደለም። እናት በቴሌግራም የላከችው የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በአያትየው ስልክ ውስጥ አለ። ልጁ ከዩቲዩብ መዝሙር ይልቅ ይህን ይመርጣል፤ ቀኑን ሙሉ «እማዬን እንደገና!» ይላል። አያትየው አንዳንድ ጊዜ ልባቸው እየተሰበረ ይከፍቱለታል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «ናፍቆቱን ያብስበታል» ብለው ይደብቁበታል። እኛ እንዳይደብቁበት እንመክራለን። ልጁ የእናቱን ፊትና ድምፅ ደጋግሞ ማየቱ እንዳይረሳት ያደርገዋል። ነገር ግን ከዚህ በላይ የተናገርነው እዚህም ይሠራል፤ ቪዲዮው ብቻውን አይመልስለትም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ከ24 እስከ 30 ወር ያሉ ሕፃናት አዲስ ቃል ከተቀዳ ቪዲዮ ሳይሆን በቀጥታ በቪዲዮ ከሚያነጋግራቸው ሰው እንደተማሩ አሳይቷል። ለምን ቢሉ በቀጥታ የሚያነጋግረው ሰው ይሰማዋል፤ ሲስቅ ይስቃል፤ ሲጠይቅ ይመልሳል።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ በውጭ ሆነው የሚያነቡ እናት ከሆኑ፣ ወይም ለእኅትዎ ሊያነቡላት የሚችሉ ከሆነ፣ አሠሪዎችዎ በሚሰጡዎት ጥቂት ጊዜ በኢሞ ሲደውሉ «በላህ? ተማርህ?» ብቻ ብለው አይዝጉት። አንዲት አጭር ተረት ይጀምሩለት፤ ጅቡ ምን እንዳለ እርሱ ይንገርዎት። መደወል የማይችሉበት ሳምንት ካለ ደግሞ ያችኑ ተረት በቪዲዮ ቀድተው ይላኩለት። ስሙን ይጥሩት፤ ከጠየቁት በኋላ እርሱ የሚመልስበትን ያህል ጊዜ ዝም ይበሉ፤ እንባዎን እስኪጨርሱ ድረስ ቀረጻውን አይጀምሩ፤ ልጁ እንባውንም ሃምሳ ጊዜ ይደግመዋልና። አያትየውም ስልኩን ሰጥተውት ወደ ማጀት ከመግባት ይልቅ ቢያንስ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አብረውት ይመልከቱ፤ እናቱ ዝም ባለችበት ቦታ ላይ «በል መልስላት» ይበሉት። ቪዲዮውን ዘግተው ከማስቀመጣቸውም በፊት እማዬ የምትደውልበትን ቀን ይንገሩት፤ ቅዳሜ ከሆነ ቅዳሜ፣ እሑድ ከሆነ እሑድ።